መቃኛውን ማን ቀድሞ ነካ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

«ሦስቱንም የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ቀርተዋል» አሉኝ። መቅረቴን እኔም አውቀዋለሁ።

የመጡት ሁለት ናቸው። አንዷ ሰብለ የምትባል ወጣት፣ ሙዚቃ ተምራ የመጣች። ሁለተኛው ካሴ፣ እዚሁ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ስንት ልጅ ያስተማረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ። ኮሚቴ አቋቁመዋል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የድሮ መሰንቆ መቺዎች ማን ይበልጥ እንደነበር መርጠው በመጽሐፍ ሊያወጡ ነው። ጋይንት ምህረቱን ይላል። ስማዳ ጌጡን ይላል። እስቴ ባሌን፣ አበጀን ይላል። ሦስቱም ሞተዋል። እኔ በሦስቱም መሰንቆ ዘፍኛለሁ።

ከዳስ ዳስ ስንት ዘመን ዞርኩ። እያጨበጨበ ያስዘፈነኝ ሰው በማግሥቱ መንገድ ላይ «አዝማሪዋ» ብሎ ፊቱን ያዞርብኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ እንዴት ነበርሽ?» ያለኝ የለም። ዛሬም አላሉም። ሰብለ ቅጹን ስትሞላ «የአበጀ ባለቤት» ብላ ጻፈች። ዘፋኝ የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ካሴ ለጣት አሻራ ቀለም ይዞ መጥቷል። «እፈርማለሁ» አልኩት። «ውይ ጥሩዬ፣ መማርሽን ረስቼው!» አለ። አልረሳም። ፈረምኩ። ጠመም አለብኝ፤ ቢሆንም ፈረምኩ።

ቅዳሜ ቃሌን ሊቀርጹ ይመለሳሉ።

ልጄ ይርጋ ደስ ብሎታል። ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፤ ቤት ነው የሚውል። ጾሙ ሲፈታም ያው ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የሚደግሰውም ድምፅ ማጉያ ይተክላል። መሰንቆ የሚጠራ ሰው ጠፍቷል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ እኔው ግቢ ናቸው። አራታቸውም ቀና ብለው የሚያዩት መሰንቆውን ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ጥራጥሬ እየለቀምኩ ሦስቱን አስተያየሁ። ቅዳሜ እንዳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ምህረቱ። የአበጀ አጎት፤ ለአበጀም ለጌጡም መሰንቆ ያስያዘ እሱ ነው። ቤቱ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ ነበር። ደጋኑን ሲስብ ክንዱ አይነቃነቅም፤ አንጓው ብቻ ነው የሚሄደው። እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ የሰጠውን ግጥም አንዴ ሰምቶ ሳያጎድል ይዘፍነዋል። ሲሰክር ግን ዜማው ሁሉ አንድ ይሆንበታል። የማይሰክርበትን ቀን አላስታውስም።

አበጀ። ጣቱ! እንደሱ ያለ ጣት አላየሁም። የመሰንቆው ክር፣ ጭራው ላይ የሚሮጠው አራት ጣት ሳይሆን አሥር ይመስላል። ድምፁ ከዳሱ አልፎ ጎረቤት እንዲሰማለት ጭራውን እስኪጮህ ይወጥረዋል። ይሰማለታልም። ለዘፋኝ ግን ቦታ አይተውም። አፌን ስከፍት እሱ ይገባበታል። ቤትም እንደዚያው ነበር።

ጌጡ። የስማዳ፣ የወገዳ ሰው። ፈጣን አይደለም። አንዲት ድምፅ ይይዛል፤ አሁን ለቀቃት ስትል ያጎብጣታል፣ ወደ ታች ይስባታል። ከዚያ ደጋኑን ያነሳና ዝም ይላል። ዘፋኝ የሚገባው በዚያ ዝምታ ነው።

ይርጋ ከሻይ ቤት እየሳቀ መጣ። ሊደባደቡ ነበር አለ። ከወገዳ የመጣ ሹፌር «የእናንተ አበጀ መሰንቆ መታ ነው የምትሉት ዝንብ አባረረ?» ቢል፣ የኛው ሰው ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ደቅ አድርጎ «የእናንተው ጌጡ መቃኛውን ነክቷል! ነክቷል ወዳጄ! በቃ፣ አለቀ!» አለው አሉ።

ይህ ነገር እንዲህ ነው። ሁለት መሰንቆ አንድ ዳስ ሲገናኙ አብረው እንዲሄዱ አንዱ መቃኛውን አዙሮ ድምፁን ወደ ሌላው ማምጣት አለበት። በኛ አገር መቃኛውን ቀድሞ የነካ ተሸነፈ። በዚህ እልክ ሁለቱም ሳይነኩ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ሲጮኹ የዋሉበት ስንት ሠርግ አለ።

ይርጋ «አባዬን አስነክቶት የሚያውቅ የለም አይደል እማዬ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። እውነት ነው። ለማንም ነክቶ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ሰብለ ብቻዋን መጣች። ካሴ በሌለበት ወሬኛ ናት። ደስ ትላለች።

«እማማ፣ ፈረንጆቹም እንደ እኛው ናቸው። የድሮ ጊታር መቺዎቻቸውን ማን ይበልጣል እያሉ ዛሬም ይከራከራሉ» አለችና በስልኳ አሰማችኝ። ሮክ የሚሉት አለ፣ ብሉዝ የሚሉት አለ። ብሉዝ ሥሩ የጥቁሮቹ ነው፤ እንደ ኛ ትዝታ ይቁጠሩት አለችኝ።

የመጀመሪያውን ትንሽ ሰማሁና «በቃኝ» አልኳት። «ምነው?»

«ይህ አበጀ ነው። ጣቱን ለማሳየት ነው የሚመታ።»

እስክትታጠፍ ሳቀች። ሁለተኛው ድብልቅልቅ ያለ ነበር። «ይህ ጠጥቷል። ምህረቱ ነው። ጧት አግኝተሽው ቢሆን ግን ታለቅሺ ነበር» አልኳት።

ሦስተኛው ሽማግሌ ነው፣ ጥቁር። አንድ ድምፅ መታና ክሩን በጣቱ ገፋው። አጎበጠው። ከዚያ ዝም። ሲዘፍን አይመታም፤ ሲመታ አይዘፍንም። ራሱን ያስተናግዳል፣ እንደ እንግዳ።

«እሱስ ማነው?» አለች።

«ድገሚው» አልኳት። ሦስቴ አስደገምኳት። ማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

ልትሄድ ስትነሣ ነው ዋናውን ያወራችው። ደብረ ታቦር አዲስ የባህል ቡድን ይቋቋማል። አንደኛ የሚባለው ሰው ልጅ መሰንቆ የሚመታ ከሆነ በደመወዝ ይቀጠራል። ምህረቱ ልጅ የለውም። የጌጡ ልጅ ሴት ናት፤ መሰንቆ አልያዘችም። እንግዲህ የቀረው አበጀ ነው፣ ከአበጀም ይርጋ።

ይርጋ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ገባና መሰንቆውን ከግድግዳው አወረደ፤ ቆዳውን በጨርቅ ወለወለው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

የካሴቱን ነገር ልጻፍ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሠርጉ ከወገዳ ወዲህ ነበር። የሙሽራው ወገን አበጀን ጠራ፣ የሙሽሪት ወገን ጌጡን። እኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ይርጋ ነው። ትንፋሼ አይበቃኝም። አበጀ ጌጡን ሲያይ ጭራውን ከወትሮው አብልጦ ወጠረው። አልደረስኩበትም። ድምፄ ተሰነጠቀ። ዘወር ብዬ «አበጀ፣ ትንሽ አላላልኝ» አልኩት። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ዝፈኝ!» አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። አንዱ ጎረምሳ «ፍየሏ ታመመች!» ብሎ ጮኸ፤ ዳሱ በሙሉ ሳቀ።

ጌጡ መቃኛውን ያዞረው ያን ጊዜ ነው። ድምፁን አወረደው፣ አወረደው፣ እኔ እምደርስበት ቦታ ላይ አቆመው። አንዲት ድምፅ መታና ጠበቀኝ። አበጀን አላየም። እኔን ነው ያየኝ።

«ነካ! ነካ!» ተባለ። የጀመረው ካሴ ነው፤ የሙሽራው ሚዜ ነበር። ሚዜዎቹ ወዲያው ሙሽራዪቱን ሊያወጡ እየጨፈሩ ሄዱ። አበጀ አሸነፍኩ ብሎ ደጋኑን አስቀመጠና ጠላውን አነሣ። እኔ ወደ ጌጡ ዞሬ ዘፈንኩ። እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም።

ካሴ ሠርጉን ሊቀዳ ያመጣውን ቴፕ ከፍቶ ትቶት ስለነበር ሁሉም ተቀድቷል። መጀመሪያ ያለው ፈጣኑ አበጀ ነው። ቀጥሎ ጩኸቱ አለ። ከጩኸቱ በኋላ ያለው፣ ዝቅ ያለው፣ ቀስ የሚለው፣ ጌጡ ነው። ካሴ ግን እዚያ አልነበረም። ቆይቶ ሲያዳምጠው ከጩኸቱ በፊት ማን ይመታ እንደነበር ጠፍቶበት፣ የተሸነፈው ቆመ፣ ያሸነፈው ቀጠለ ብሎ አሰበና ካሴቱ ላይ «መጀመሪያ ጌጡ፣ ከዚያ አበጀ» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። እኔ ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም። የተጻፈውን የባሌ ስም ብቻ መስሎኝ ኖርኩ።

አበጀ የሞተው ይርጋ በእግሩ ሳይቆም ነው። አባቱን ሰምቶት አያውቅም። ከፍ ሲል መሰንቆ የተማረው ከዚያ ካሴት ነው፤ ከጩኸቱ በኋላ ካለው። ጣቱ፣ ደጋኑ፣ ዝምታው፣ ሁሉ ከዚያ ነው። እሱ የአባቴ ነው ይላል።

እኔ ሲለማመድ ስሰማ የአባቱን ስም እያነሣ የጌጡን ድምፅ እንደሚያወጣ አውቅ ነበር። መጀመሪያ ራሱ የተሳሳተ መስሎኝ ዝም አልኩ። በስተርጅና ከጎልማሶች ጋር ፊደል ስቆጥር ካሴቱን አውጥቼ አነበብኩት። የሰው ልጅ ፊደል ቆጥሮ መጀመሪያ የሚያነበው ጥሩ ነገር ቢሆን ምን ነበረበት? ያን ጊዜ ይርጋ አድጓል፣ ሠርግ ይጠራል፣ «የአባቱ እጅ» ይባላል። አሁንም ዝም አልኩ።

ጌጡ ከዚያ ሠርግ በኋላ ስሙ «የነካው» ሆነ። ልጆች ከኋላው እየተከተሉ «ነካ!» ይሉት ነበር አሉ። መሰንቆውን ተወ። ወገዳ ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት ሲሰፍር ሞተ።

በኔና በእሱ መካከል ምን ነበር? ምንም። ከዚያ ቀን በኋላ አልተያየንም። አለመኖሩም ቆጭቶኛል። ይህንን ማንም አያነበውምና ጻፍኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ካሴ ብቻውን መጣ። ቁጭ በል ሳልለው ቁጭ አለ።

«ጥሩዬ፣ ነገ አጭር አድርጊው። ጌጡ መቃኛውን ነካ፣ አይደል?»

«ነክቷል።»

«እንግዲህ ምን ቀረ!»

«ለምን እንደነካ ቀረ። አንተ ሙሽራ ልታወጣ ሄደሃል።»

ካሴቱንም ነገርኩት፤ ሁለተኛው ጌጡ መሆኑን። ፊቱ ጠቆረ። እውነት እላለሁ፣ ሆነ ብሎ አልዋሸም፤ ያልነበረበትን እንዳየ አድርጎ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ኖሮ ራሱም አምኖታል። ተማሪ ፊት ሳይቀር አውርቶታል።

«የሞተ ሰው ምን ይጠቀማል?» አለ። «ጌጡ አይነሣ፣ አበጀ አይነሣ። ያለው ይርጋ ነው። ልጅሽ እንጀራው ላይ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ትስቢበታለሽ?» ከዚያ ሲወጣ፣ በሩ ላይ፦ «ደግሞ ሰው ምን ይላል? ባሏን ጥላ ለወገዳው ሰው ምን አስቆማት አይልም?»

ይህን እንደሚል አውቄ ነበር። የሚያናድደው ስለ ይርጋ ያለው ልክ መሆኑ ነው።

የይርጋ ሚስት ነጭ ሸሚዙን አጥባ አስጥታለች። ለኔ ቃል መስጫ ቀን እሱ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ተናገርኩ።

አላሰብኩትም ነበር። ጧት ስነሣ «አበጀ ይበልጣል» ብዬ ልገላገል ነበር። ሰብለ መቅረጫውን ፊቴ አስቀመጠች። ካሴ ጎኗ ተቀመጠ። ይርጋ በር ላይ ቆመ። ስለ ምህረቱ ነገርኳት። ስለ አበጀ ጣት ነገርኳት፤ አንዲትም አልቀነስኩበትም። ከዚያ «ያን ሠርግ ያስታውሱታል?» አለች። ካሴ ቀድሟት «ጌጡ የአበጀን የበላይነት አምኖ የነካበት!» አለ። በዚያ አባባሉ ነው የተናደድኩት። አምኖ! ማንን ነው ያመነው?

«ለኔ ብሎ ነው የነካው» አልኩ። ሁሉንም አወራሁት። እርግዝናውን፣ ፍየሏ መባሌን፣ ዝፈኝ መባሌን፣ ካሴቱን። «ከጩኸቱ በኋላ ያለው ጌጡ ነው። ከሦስቱ ማን ይበልጣል ካላችሁኝ ጌጡ ይበልጣል። አበጀ ቢሰማም እንዲሁ ነው የምለው።»

ሰብለ አላቋረጠችኝም። ካሴ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ቀና ስል በሩ ላይ ማንም የለም።

ይርጋ እስኪመሽ አልመጣም። ሲመጣ እኔ ያለሁበት አልገባም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ስመለስ ይርጋ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ካሴቱን ስልኩ ላይ አስገልብጦታል። ጎኑ ተቀመጥኩ። አልተነሣም።

«ዝቅ ያለው አባዬ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ፈጣኑ ነው አባዬ?»

«እሱ ነው።»

«ፈጣኑን እኮ ስጠላው ነው ያደግሁት» አለ።



«ስንት ዓመት ሙሉ?» አለኝ ደግሞ።

«አንተ መሰንቆ ከያዝክ ጀምሮ።»

«እያየሽኝ?»

«እየሰማሁህ።»

ተነሣ። «ትናንት ብቻ ነው መናገር የታየሽ? ከዚያ በፊት ስንት ቀን ነበረሽ፤ ሥራ ላገኝ ባልኩበት ቀን ተናገርሽ!» አለኝ። ሌላ ቀን ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው ልለው ፈለግሁ፤ ተውኩት። እሱም አንድ ቀን አልጠየቀኝም። እዚህ ላይ መጻፉ ግን ይቀለኛል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ገብስ አበጠርኩ። አልተነጋገርንም። ልጆቹ ሳይቀሩ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ጉልበቴን ያመኛል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ደብዳቤ መጣ። ያመጣችው ሰብለ ናት፤ ዓይኔን አላየችም።

አንደኛ አበጀ። ሁለተኛ ምህረቱ። ሦስተኛ ጌጡ። ይርጋ ለባህል ቡድኑ ታጭቷል፤ ከገና በኋላ ደብረ ታቦር ይቅረብ ይላል። መጽሐፉ ላይ የሚወጣው ጽሑፍም አብሮ አለ። ይርጋ ደጅ ላይ ጮክ ብሎ ሲያነበው መሐል ላይ ቆመ። ደገመው። «አቶ ጌጡ የአቶ አበጀን የበላይነት በአደባባይ በማመን መቃኛውን አላልቷል።»

«እማማ፣ እኔ እርስዎ ያሉትን ጽፌ ነበር። በድምፅ ብልጫ ወጣ። አንድ ሰው በተናገረው የሕዝብ ታሪክ አይቀየርም አሉ» አለች ሰብለ።

አንድ ሰው! ሦስቱንም የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ቀርተዋል ብለው አልነበር የመጡት?

አልጮህኩም። ደክሞኛል። ያልኩትን አልኩ፤ አልሰሙም፤ ልጄም ሥራውን አገኘ። ይህንን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ አልገባ አለኝ። የይርጋ ሚስት እልል ልትል አፏን ከፍታ እኔን አየችና ተወችው። ይርጋ ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ጧት ወጣ። ወረቀቱን ይዟል፤ መሰንቆውን አልያዘም። የት ትሄዳለህ አላልኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ሚስቱ ሥራውን መቀበሉን ሊፈርም ነው ትላለች። ለመፈረም ይህን ያህል አይቆይም። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት ሆነ። የጾም ምሳ ነው፣ ሽሮ። ሁለት ጊዜ አሞቅሁት።

ስምንት ሰዓት ላይ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ እኔ ያለሁበት ገባ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ዛሬ ገና ነው።

«መስመሯን አስወጣኋት» አለ።

«የቷን?»

«በማመን የምትለዋን። ኮሚቴው ዘንድ ሄጄ ነው። ካሴ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽሁበት። ስልኩን አውጥቼ ሁሉንም አሰማኋቸው። ከጩኸቱ በኋላ ያለውን አስቆምኩና 'ከዚህ ነው የተማርኩት፤ ይህ ሰው ተሸነፈ ብላችሁ ጽፋችሁ እኔን የምትቀጥሩኝ በማን እጅ ነው?' አልኳቸው። ደብረ ታቦር እኮ እማዬ፣ መሰንቆ የሚያውቅ ሰው መሐል ነው የምቀመጠው። ያን ጽሑፍ አንብበው እጄን ሲሰሙ ይሥቁብኛል።»

«አበጀስ?»

«አንደኛነቱን አልነኩም። አይነኩም። መስመሯ ግን ወጥታለች፤ ሰብለ ፊቴ ሰረዘቻት።»

«ሥራውስ?»

ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። «ከበዓሉ በኋላ እናያለን አሉ።»

እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለት ልጅ አለህ፣ ሞኝ ነህ፣ ማን አዘዘህ፣ አርፈህ ብትሄድ ምን ነበረበት ብዬ ሰደብኩት። የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። እርቦታል። አቅርቤለት አጎንብሶ በላ።

ሳህኑ ሲጎድል ሳይጠይቀኝ ጨመርኩለት። እሱንም በላ። ደግሞ ጨመርኩለት።